የሙቀት ጌጁ ወደ ቀይ ይወጣል፣ ሞተሩ ግን አይፈላም

ጥያቄ፦ ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች፣ ካርቡሬተር ያላት የቤት መኪና አለችኝ። ከተነሳሁ ሩብ ሰዓት ያህል ሲሆን የሙቀት ጌጁ ቀስት መሃሉን አልፎ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ውሃ አይጎድልም፣ አይፈላም፣ እንፋሎትም የለም። ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው በር) ተቀየረ፤ ለውጥ አላመጣም። አሁን ደግሞ «ቴርሞስታቱን ጭራሽ አውጥተህ ጣለው» የሚል ምክር ደርሶኛል። ማታ መብራት ሳበራ ቀስቱ ይብስበታል። ምናልባት ከጠቀመ፣ የኪሎ ሜትር ገመዱ ተበጥሶ ዳሽቦርዱ ከተፈታ ወዲህ የነዳጅ ጌጁም ከቀዳሁት በላይ የሚያሳይ ይመስለኛል። የሚሞቀው ሞተሩ ነው ወይስ የሚዋሸው ጌጁ ነው?

ምላሽ፦ «ምናልባት ከጠቀመ» ብለው በመጨረሻ የጨመሩት ነገር ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። የሙቀት ጌጁና የነዳጅ ጌጁ መረጃ የሚያገኙት ከተለያየ ቦታ ነው፤ አንዱ ሞተሩ ላይ ከተሰካው ቡልቦ (የውሃውን ሙቀት ከሚለካው ዕቃ)፣ ሌላው ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ካለው ተንሳፋፊ። ሁለቱ በአንድ ሰሞን፣ ያውም ወደ አንድ አቅጣጫ መሳሳት ከጀመሩ፣ ቡልቦውም ተንሳፋፊውም እኩል ተበላሹ ከማለት በፊት ሁለቱ የሚጋሩትን ነገር መጠርጠር ይሻላል። የሚጋሩት ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ኤሌክትሪክና ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ ብረት ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ፣ ነው። ችግሩ የጀመረው ዳሽቦርዱ ከተፈታ በኋላ መሆኑና መብራት ሲበራ መባሱም ወደዚያው ይጠቁማል። ጥርጣሬዬ ወደ ማሳው ያደላል።

ይሁን እንጂ በጥርጣሬ ብቻ «ሞተሩ ደህና ነው፣ ይንዱ» አልልዎትም። ጌጁ ዋሽቶ ከሆነ የሚጎዳ ነገር የለም። እውነቱን እየተናገረ ከሆነ ግን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ሲብስም ሞተሩ ነክሶ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጌጁን ሳይጠይቁ የሞተሩን እውነተኛ ሙቀት በሌላ መንገድ ማወቅ ነው። ይህን ሳያደርጉ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ የግምት ግዢ ነው፤ ቴርሞስታቱም የተቀየረው እንደዚያ ይመስለኛል።

«አይፈላም» ያሉትን እንደ ማረጋገጫ አልወስደውም። የራዲያተር ክዳን ውሃ እንዳይፈስ ከመከልከል ሌላ ግፊት የመያዝ ሥራ አለው። ክዳኑ ደህና ሆኖ 1 ባር ያህል ግፊት ከያዘ፣ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ኩላንት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ይዘልቃል። ሞተሩ ከሚገባው በላይ ሞቆ፣ 110 ዲግሪ ደርሶ፣ ምንም እንፋሎት ላይታይ ይችላል ማለት ነው። የእንፋሎት መታየት የመጨረሻው ምልክት ነው፤ እሱን እየጠበቁ መንዳት አይገባም።

ሙቀቱን ለመለካት ቀላሉ መሣሪያ እንደ ሽጉጥ ተይዞ የሚነጣጠረው የጨረር ቴርሞሜትር ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃው ሙሉ መሆኑን ይዩና መልሰው ይዝጉት። ከዚያ የቴርሞስታቱ ቤት ላይ፣ ቡልቦው ከተሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ይለጥፉ። ይህችን ቴፕ አይዝለሏት፤ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ በቀጥታ ካነጣጠሩ ቴርሞሜትሩ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጥና ያሳስትዎታል። ሞተሩን አስነስተው ከሚሽከረከረው ፋን እጅዎንና ልብስዎን አርቀው ይጠብቁ። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ለተወሰነ ደቂቃ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ቴርሞስታቱ ሲከፈት በድንገት ይሞቃል። ብዙ ቴርሞስታቶች የሚከፈቱት 82 ወይም 88 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ራሱ ዕቃው ላይ ታትሟል። ቱቦው ሲሞቅ ቴፑ ላይ የሚያነቡት ቁጥር ከዚያ ጥቂት ዝቅ ማለቱ አይግረምዎት፤ የሚለኩት ብረቱን እንጂ ውሃውን አይደለም።

አንድ ጊዜ ቆሞ እያለ መለካት ግን አይበቃም። ቀስቱ የሚወጣው ሲነዱ ነው፤ ስለዚህ ነድተው ቀስቱ ቀዩ አጠገብ ሲደርስ ደህና ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ከፍተው ቴፑን ይለኩ። ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ካነበቡ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሚዋሸው ጌጁ ነው። 105ና ከዚያ በላይ ካነበቡ ሞተሩን ያጥፉ፤ ክዳኑን አይንኩ፤ ከዚህ በታች የጻፍኩትን ትተው ወደ ራዲያተር፣ ወደ ውሃ ፓምፕ፣ ወደ ፋንና ወደ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ይዙሩ። የጨረር ቴርሞሜትር ካላገኙ፣ ቀጭን ቱቦ ያለውን ሜካኒካል ጌጅ ከመካኒክ ተውሰው በቡልቦው ቦታ መግጠም ይቻላል። በኤሌክትሪክ ስለማይሠራ የመኪናዋ ሽቦ ችግር አይነካውም።

እዚህ ላይ ጥያቄዎ ውስጥ ባይኖርም ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ጌጅ ወደ ላይ እንደሚዋሽ ወደ ታችም ይዋሻል፤ የሚያስፈራውም ይኼኛው ነው። ቡልቦው በትክክል የሚለካው ውሃ ውስጥ እስከተዘፈቀ ድረስ ነው። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ካለቀ ቡልቦው አየር ላይ ይቀራል፤ ሞተሩ እየነደደ ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛ ሊወርድ ይችላል። ሞቆ የነበረ ቀስት ያለ ምክንያት በድንገት ከወረደ፣ ሂተሩም ቀዝቃዛ አየር መንፋት ከጀመረ፣ እፎይ ብለው አይቀጥሉ፤ ወዲያው ያቁሙ።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ ስለመጣሉ ምክር፦ አይስሙት። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ከሚገባው ሙቀት በታች ይሠራል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ የሚገባው እርጥበትና ቤንዚን ሳይተን ይቀራል፣ ሲሊንደሩም ያለጊዜው ያልቃል። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና ሞተሩ ጭራሽ ይበልጥ ሊሞቅ ይችላል። በእርስዎ ጉዳይ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የተዛባው ቀስት ወደ መሃል ይወርድና ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ሞተርና ውሸታም ጌጅ ይዘው ይነዳሉ ማለት ነው።

ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ወደ ኤሌክትሪኩ እንግባ። የዚያ ዘመን መኪኖች አሠራር ቀላል ስለሆነ፣ አንዴ ከገባዎት አብዛኛውን ምርመራ ራስዎ ይጨርሱታል። ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ በፊውዝ አልፎ ወደ ጌጁ ይመጣል፤ ከጌጁ በአንድ ሽቦ ወደ ቡልቦው ይወርዳል፤ ከቡልቦው ጥርስ ወደ ሞተሩ ብረት፣ ከዚያም በማሳ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ቡልቦው ውስጥ ያለው ነገር ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያግዳል፣ ሲሞቅ ያሳልፋል። ብዙዎቹ ቀዝቃዛ ሳሉ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም (ኤሌክትሪክ የማገድ አቅም መለኪያ) ያሳዩና ሞተሩ ሲሞቅ ወደ አሥር ቤት ይወርዳሉ። ኦሙ ሲያንስ ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ቀስቱም ይወጣል። እንግዲህ ሽቦው ከቡልቦው ቢነቀል ቀስቱ ቀዝቃዛ ላይ መተኛት አለበት፤ ሽቦው ብረት ቢነካ ደግሞ እስከ ቀዩ መውጣት አለበት።

ፈተናውም ይኸው ነው። ሽቦውን ከመንቀልዎ በፊት ትክክለኛው ቡልቦ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሞተር ላይ የሚመሳሰሉ ብዙ ናቸው። የራዲያተሩ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የፋን ማስነሻ ነው፤ ሁለት ሽቦ ያለው የሞተር ኮምፒውተር ባላቸው መኪኖች ላይ የኮምፒውተሩ ነው፤ አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ የማስጠንቀቂያ መብራቱ የራሱ ቡልቦ አለው። የጌጁ በአብዛኛው አንድ ሽቦ ብቻ ያለው፣ ቴርሞስታቱ ቤት ወይም ቴስታታው ላይ የተጠመዘዘው ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ሽቦውን ይንቀሉ። ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛ ካልወረደ ሽቦው በመንገዱ ላይ ተልጦ ብረት እየነካ ነው፣ ወይም ችግሩ ጌጁ ዘንድ ነው። ከወረደ ሽቦው ንጹሕ ነው። ቀጥሎ የተነቀለውን ሽቦ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙ፤ ግን በቀጥታ ሳይሆን በመሃሉ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል አስገብተው። የቶዮታ የዚያ ዘመን የጥገና መጻሕፍት ለዚህ የ3.4 ዋት አምፖል ይጠይቃሉ። አምፖሉ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ጌጁ ውስጥ እንዳያልፍ ይጠብቃል፤ በቀጥታ ብረት ላይ ለረጅም ጊዜ የተያዘ ሽቦ አሮጌ ጌጅ ያቃጥላል። ቀስቱ መውጣት ሲጀምር ወዲያው ይልቀቁት። ካልተንቀሳቀሰ ፊውዙን፣ ሽቦውን፣ ከዚያ ጌጁን ይፈትሹ። የእርስዎ ቀስት ሁለቱንም ፈተና ያልፋል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ምክንያቱም ጌጁ ሞቶ ሳይሆን በመጠኑ ተዛብቶ ነው።

ቡልቦውን ለብቻው ለመፈተን አውጥተው ጫፉን ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በኦም ላይ አድርገው አንዱን እግር የሽቦው መሰኪያ ላይ፣ ሌላውን የቡልቦው አካል ላይ ይያዙና ውሃውን በቴርሞሜትር እየተከታተሉ ያሙቁት። ኦሙ ሳይዘል፣ ሳይመለስ፣ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ትክክለኛው ቁጥር በየመኪናው ስለሚለያይ የመኪናዋን የጥገና መጽሐፍ ማየት ግድ ነው። ቴርሞስታቱ ሲቀየር ቡልቦውም አብሮ ተቀይሮ እንደሆነ የሠራውን ሰው ይጠይቁት። ጥርሱ ልክ ስለገባ ብቻ የተገጠመ የሌላ መኪና ቡልቦ፣ ኦሙ የተለየ ስለሚሆን፣ ዕድሜ ልኩን ቀስቱን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይኖራል፤ እንዲህ ዓይነቱ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ቡልቦ ማሳ የሚያገኘው በጥርሱ ስለሆነ የቴፍሎን ቴፕም አይደራርቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ተጠርጣሪ። አሮጌ ጌጆች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት ውስጡ በሙቀት የሚታጠፍ ጥምር ብረት አለው፤ ቁልፍ ሲከፍቱ ቀስቱ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ሲዘጉም ቀስ እያለ ይወርዳል። ሁለተኛው በማግኔት የሚሠራ ነው፤ ቁልፉ እንደተከፈተ ወዲያው ቦታውን ይይዛል። የመጀመሪያው ዓይነት ቮልቴጅ ሲለዋወጥ ስለሚዛባ ከፊቱ ስታቢላይዘር ይደረግለታል። የባትሪው ቮልቴጅ ሞተሩ ሲጠፋ 12፣ ዲናሞው ሲሠራ 14 ይደርሳል፤ ስታቢላይዘሩ ግን ጌጆቹን በአንድ ልክ ይመግባል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በነበሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች አማካዩ 10 ቮልት፣ በፎርዶች 5 ቮልት ገደማ ነው። የድሮው ስታቢላይዘር ይህን የሚያደርገው ውስጡ ያለች ትንሽ ማሞቂያ ጥምር ብረቱን እያጠፈች መገናኛውን ስታበራና ስታጠፋ ነው። ስለዚህ በቴስተር ሲለኩት ቁጥሩ ከዜሮ ወደ 12 እየዘለለ ቢያዩ ዕቃው እየሠራ ነው ማለት ነው።

ያቺ ማሞቂያ ማሳ ትፈልጋለች፤ ማሳዋን የምታገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስታቢላይዘሩን ከዳሽቦርዱ ሰሌዳ ጀርባ በያዘው ብሎን ነው። ብሎኑ ከላላ፣ ከዛገ ወይም ሰሌዳው ተፈትቶ ሲመለስ ከተረሳ፣ ማሞቂያዋ በደንብ አትሞቅም፣ መገናኛው ተዘግቶ ይቆያል፣ ጌጆቹም ከሚገባቸው በላይ ይመገባሉ። የሙቀቱም የነዳጁም ቀስት አብረው ይወጣሉ። መብራት ሲያበሩ የሰሌዳው አምፖሎች ኤሌክትሪካቸውን በዚያው በደከመ ማሳ ለመመለስ ስለሚሻሙ ነገሩ ይብሳል። የነገሩኝ ሦስቱም ምልክቶች እዚህ ይገናኛሉ። ጌጅዎ በማግኔት የሚሠራ ቢሆን እንኳ የሰሌዳው ማሳ ሲደክም ንባቡ መዛባቱ አይቀርም፤ ፈተናውም አንድ ነው።

ምንም ሳይፈቱ እንዲህ ይፈትኑት። ከባትሪው ኔጌቲቭ ረጅም ሽቦ ስበው በመስኮት ያስገቡና ጫፉን ከሰሌዳው ጀርባ ያለው የማሳ ብሎን ወይም የስታቢላይዘሩ አካል ላይ ያስነኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ቀስቱ ከፍ ብሎ፣ መብራት በርቶ ሳለ ይህን ሲያደርጉ ቀስቱ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ መሃል ከተመለሰ በሽታው ተገኝቷል። የቴስተር ሰው ከሆኑ ደግሞ ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን እግር ባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን የሰሌዳው ማሳ ላይ ያድርጉ፤ መብራት በርቶ ከ0.2 ቮልት በላይ መታየት የለበትም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቁጥር ክርክር ያሳጥራል።

በዚያው አጋጣሚ የቴስተሩን እግር ከሰሌዳው አንሥተው ሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉና ይለኩ። የቡልቦው መመለሻ በሞተሩ ማሳ ስለሆነ፣ እሱ ሲደክምም የቀስቱ ንባብ ይዛባል። የትኛው ማሳ እንደደከመ የሚነግርዎት ቴስተሩ ነው። «ማሳ ፈትሽ» ሲባል የባትሪውን ገመድ ብቻ አጥብቆ መተው አይበቃም።

ጥገናው ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ፤ ሰሌዳውን ቀስ ብለው ያውጡ፤ ከጀርባው ያለውን የመዳብ መስመር የታተመበትን ስስ ፕላስቲክ አይሳቡት፣ በዕድሜው ብዛት ይቀደዳል። የማሳውን ብሎንና የሚያርፍበትን ብረት እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይጥረጉ፣ መልሰው ያጥብቁ። በእኔ እምነት እዚህ ደረጃ ከደረሱ ከዚያ ብሎን ወደ መኪናዋ አካል አንድ ተጨማሪ የማሳ ሽቦ መዘርጋት ተገቢ ነው፤ ከእንግዲህ ዝገት ቢመለስም ጌጁ አይነካም። ስታቢላይዘሩ ራሱ ሞቶ ከሆነ በዚያው ቮልት የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ምትክ ይግጠሙ። «ዝለለውና በቀጥታ አገናኘው» የሚል ቢመጣ አይቀበሉ፤ ለ5 ወይም ለ10 ቮልት የተሠራ ጌጅ 12 ቮልት ሲያገኝ መጀመሪያ ይዋሻል፣ ቀጥሎ ይቃጠላል።

ምናልባት መኪናዋ በጣም የቆየች ሆና ጌጇ ኤሌክትሪክ የሌለው፣ ከሞተሩ እስከ ዳሽቦርድ ቀጭን የመዳብ ቱቦ የተዘረጋለት ከሆነ፣ ከላይ ያለው የሽቦ ፈተና አይሠራም። ሆኖም በመብራት የሚለዋወጥ ቀስት እንደዚያ ዓይነት ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ እሱን እንለፈው።

ማሳው ከታደሰ በኋላ ሞተሩን አሙቀው ቴፑን እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ 85 አካባቢ ሲሆን ቀስቱ የት እንደቆመ ፎቶ ያንሱና ያስቀምጡ፤ የመኪናዋ ትክክለኛ ቦታ ያ ነው፣ መሃል ላይ መሆን ግዴታው አይደለም። የነዳጁ ጌጅ ተስተካክሎ የሙቀቱ ብቻ አሁንም ከፍ ካለ፣ ማሳው አንዱ ችግር ነበር፤ ሌላው ቡልቦው ነው። ያኔ ቀዝቃዛም ሞቃትም ሳለ የለኩትን ኦም ከመኪናዋ ሞዴልና ዓመተ ምርት ጋር ይላኩልኝ፣ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክረን የሚገዛውን እንለያለን።